ደፉ ላይ የቆመው ወንድሜና የአባባ ዜማ

መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው። ወንድሜ ስመኘው ጓሮ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ የቤታችን ደፍ ላይ ደረሰና ቆመ። ቀኝ እግሩ ሊገባ ተነሳና አየር ላይ ቀረ። ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ተመለሰ። ከፊቱ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። «ግባ እንጂ ስሜ» አልሁት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሰምቶኛል። ግን አልገባም። ቀልድ ስለሚወድ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ቢቸግረኝ እጁን ይዤ ሳብሁት፤ እየከበደኝ ገባ።

ያን ቀን ለማንም አልተናገርሁም። ምን ብዬ እናገራለሁ? እግሩ ደፍ ላይ ዘገየ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሰው የለም። ዛሬ ግን የምጽፈው እንደ ስመኘው ያለ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት በቤታቸው ላላቸው ሰዎች ነውና ከእግሩ ልጀምር። ሕመሙ የጀመረው ከዚያ ነው።

ስመኘው የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ ይህን መጠሪያ የሰማነው ግን ካደገ በኋላ ነው። እናታችን «ቀስ ብሎ የሚደርስ ልጅ» ነበር የምትለው። እውነትም ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ቀስ ብሎም ልብሱን መልበስ፣ ውኃ መቅዳትና አልጋ ማንጠፍ ለመደ። አባታችን ዳንግላ ላይ ጋሪ ነጂ ናቸው። ስመኘው ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጎናቸው ተቀምጦ ገበያ ይወርድ ነበር። የባለጋሪዎቹን ስም አያውቅም፤ የፈረሶቻቸውን ስም ግን አንድም አይስትም። ስለዚህ ሰውየውን በፈረሱ ስም ይጠራዋል። «ዳማ፣ እንዴት አደርህ?» ይላል ለባለቤቱ። ማንም ተቀይሞት አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚወደው ዘፈን ነበር። ሠርግ ያለበት ድንኳን ቀድሞ ይገባል፤ ሲፈርስ ነው የሚወጣው። ግጥሙን ያሳስተዋል፤ ምቱን ግን አይስትም። እናታችን ወጥ ቤት ራዲዮኗን ከፍታ ስትሠራ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ትከሻውን ይሰብቃል። አባባ ደግሞ ለፈረሳቸው ለቦራ የሚዘፍኑለት የራሳቸው ዘፈን አላቸው። ዳገት ላይ ጭነት ሲከብደው ነው የሚያወጡት፦

«ሂድ ቦራ፣ ሂድ ቦራ፣
የዳንግላ ገበያ ደራ።»

ከዚህ የዘለለ ግጥም የለውም። ስመኘው ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ አብሯቸው ይለዋል።

ክረምቱ ሲገባ እናታችን ሞተች። ደም ግፊት ነበረባት። ጠዋት ደህና ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ የለችም። የቀብሯ ዕለት ዘመድ ተመካክሮ ስመኘውን ጎረቤት አስቀመጠው። «አይገባውም፤ በከንቱ ይደነግጣል» አሉ። ወደ ቤት ሲመለስ እናቱን ፈለጋት። «ጸበል ሄዳለች» ተባለ።

ቤታችን በሐዘን ደንብ ተያዘ። ራዲዮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ገባ። አባባ ጋሪያቸውን ዝም ብለው መንዳት ያዙ። የእናታችን ታላቅ እህት አክስቴ አለሚቱ ከቆሰበር መጣች፤ እንጅባራን የኛ ሰዎች ዛሬም ቆሰበር ነው የሚሏት። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ከእኛ ጋር ልትቀመጥ ወሰነች። አክስቴ ደግ ሴት ናት። ሐዘን ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ጎረቤት ራዲዮ ሲከፍት አጥሩ ጋ ሄዳ ቆማ ታየዋለች፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ ይዘጋዋል።

የስመኘው እግር ደፉ ላይ የቆመው በዚህ መሐል ነው፤ ዝናቡ ሳያባራ።

ከደፉ ቀጥሎ ጉርሻው ቆመ። እንጀራውን ጠቅልሎ ያነሳና እጁ አፉ ሳይደርስ ይቀራል። ወጡ በክንዱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቃላቱ አለቁ። መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ሄዱ፤ አጫጭሮቹ ተከተሉ። በመጨረሻ «እሺ» ብቻ ቀረችው። አንድ ቀን እሷም ጠፋች።

ተቀመጥ ካላልነው ቆሞ ይውላል። ጋደም ካላደረግነው ተቀምጦ ያድራል። ሸሚዝ ላለብሰው ክንዱን ሳነሳው ክንዱ እንደተነሳ ይቀራል። ዝቅ አደርግለታለሁ። ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ፊቱ ላይ ዝንብ ብታርፍ አያባርራትም።

በመጀመሪያ የወሰድነው አንድ ክሊኒክ ነው። ያየን ባለሙያ የልቡን ምት አዳመጠ፤ ዓይኑን በባትሪ አበራበት። «እንደዚህ ያሉ ልጆች ዕድሜ ሲጨምር እንዲህ ይሆናሉ። የተፈጥሮው ነው» አለን።

«የተፈጥሮው አይደለም» አልሁት። «ከክረምቱ በፊት ሠርግ ላይ ሲጨፍር ነበር።»

«እህቴ፣ መቀበል ነው» አለኝ። ቫይታሚን ጻፈልን።

መቀበል። ያን ቃል ይዤ ዝናብ ውስጥ ወጣሁ።

ጸበል ወሰድነው። ድሮ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጥ ልጅ፣ ያ ሁሉ ውኃ ሲወርድበት ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። አባባ ያኔ ፈሩ። ፊታቸውን ጸበሉ አጠገብ ወዳለው ዛፍ አዞሩ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ቤት ቀረሁ። አክስቴ ምግቡንና እንግዳውን ያዘች፤ እኔ ስመኘውን። ብቻውን ትቼው ጓሮ ለመውጣት እፈራለሁ። ወድቆ ቢሆንስ? ምራቁ አንቆት ቢሆንስ? ጠዋት የተማሪዎች ጫጫታ በደጃችን ያልፋል፤ ቀትር ላይ ይመለሳል። በመስኮቱ የጎረቤታችንን ቆርቆሮና የአንድ ባሕር ዛፍ ጫፍ አያለሁ። ሌላ የማየው የለኝም። እሱ ወንበሩ ላይ ነው፤ እኔ በርጩማው ላይ። እሱ በሰውነቱ ታስሯል፤ እኔ በእሱ። በሩ ክፍት ነው፤ ሁለታችንም አንወጣም። ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው አንድ ነገር ይላሉ፤ «ፈጣሪ በሰላም ይሰብስበው»። ፊቱ ተቀምጠው ነው የሚሉት። እኔም «አሜን» እንዳልል ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ከዚያ መዋጥ አቆመ።

ውኃ በማንኪያ ሰጠሁት። በከንፈሩ ጥግ ወረደ። እንደገና ሰጠሁት። ወረደ። ምላሱ ደረቀ። ሽንቱ ጠቆረ። ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው። «ዋጥ» አልሁት። «ስሜ፣ ዋጥ።» አልዋጠም። አገጩን ይዤ ቀና አደረግሁት። አላሳለውም፣ ትንም አላለውም። ዝም ብሎ ያየኛል። አባባ በር ላይ ቆመው ነበር። «ተነሺ» አሉኝ። «ከቤት እንውጣ።»

የአክስቴ ልጆች እንጅባራ ስላሉ በሚኒባስ እዚያ ሆስፒታል ወሰድነው። አባባ መንገዱን ሙሉ ታቅፈውት ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ቀሏል።

«ዲሃይድሬሽን ነው፤ ሰውነቱ ውኃ አልቆበታል» አለን የተቀበለን ሐኪም። «ኩላሊቱ ሳይጎዳ ደርሳችኋል።» ግሉኮስ ሰቀሉለት። ምግብ እንዲያገኝ በአፍንጫው እስከ ጨጓራው የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አስገቡለት፤ ኤንጂ ቲዩብ ይሉታል። ሲያስገቡለት አልታገለም። ሰው ቱቦ በአፍንጫው ሲገባ እንደሚታገል ነርሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። አልታገለም። ነርሷ እኔን አየችኝ።

ሐኪሙ አንገት ላይ ላለው እጢ፣ ለታይሮይድ፣ ምርመራ ደም አስቀዳ። ቀጥሎ የስመኘውን ክንድ ቀስ ብሎ አነሳና ለቀቀው። ክንዱ አየር ላይ ቀረ። ሐኪሙ ቆሞ ብዙ አየው። «ይኼ ስም ያለው ሕመም ይመስለኛል። ግን የሥነ አእምሮ ሐኪም ይየው» አለ። ሰውነቱ ውኃ ካገኘ በኋላ ባሕር ዳር ላኩን።

ባሕር ዳር ያገኘናት ሐኪም ወደ እኔም ወደ አባባም አላየችም። ወንበሯን ስባ ስመኘው ፊት ተቀመጠች። «ስመኘው፣ እንዴት ነህ? ሐኪምህ ነኝ። አሁን እጅህን ልነካው ነው» አለችው። ደነገጥሁ። ከታመመ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል እንጂ እሱን አያናግረውም ነበር።

መርምራው ስትጨርስ ወደ እኛ ዞረች። «ካታቶኒያ ይባላል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ወጣቶች ላይ አንዳንዴ ይመጣል፤ በተለይ ከትልቅ ሐዘን ወይም ለውጥ በኋላ። የተፈጥሮው አይደለም። ሕመም ነው፤ ይታከማል። መንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ ሰውነቱ ግን መጀመር አቅቶታል።» ዓይኗን ወደ ስመኘው መለሰች። «አእምሮው ግን አልተኛም። የተባለውን ሁሉ ሲሰማ ነው የከረመው።»

አባባ አንገታቸውን ደፉ።

ዳያዜፓም የተባለ መድኃኒት በደም ሥሩ ቀስ አድርገው ሰጡት። ጠበቅን። ጣቶቹ ላሉ። ትከሻው ወረደ። ሐኪሟ ውኃና ማንኪያ ሰጠችኝ። ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ አደረግሁለት። ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ። ዋጠ። ደግሜ ሰጠሁት፤ ደግሞ ዋጠ።

እንጅባራ የተቀዳው የደም ውጤትም መጣ። የታይሮይድ ሆርሞኑ አንሶ ተገኘ፤ ይኼም እንደ እሱ ባሉ ሰዎች ላይ የሚበዛ ነገር ነው አሉን። ለሱ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ እንዲወስድ ታዘዘለት። ለካታቶኒያው ዳያዜፓሙ በኪኒን ቀጠለ።

ልንወጣ ስንል ሐኪሟ «ምን ነበር የሚወደው?» ብላ ጠየቀች።

«ዘፈን» አሉ አባባ።

«አሁንስ ይሰማል?»

«አይ። ሐዘን ላይ ነን።»

«ማን አርፎባችሁ ነው?»

«እናቱ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ በሐዘንዎ አልገባም። ግን ይኼ ልጅ እናቱንም ዘፈኑንም ያጣው ባንድ ቀን ነው።»

ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መምታት ጀመረች። ዝግ ያለ፣ እኩል የሆነ ምት ነው። «እግሩን እዩ» አለች። ጫማው ወልቆ ነበር። አውራ ጣቱ ተነሳች። ወረደች። ከምቱ ጋር እንደገና ተነሳች። «ምት ሲሰማ ሰውነቱ የሚጀምርበትን ሰዓት ከውጭ ያገኛል። ዘፈን ብቻውን አያድነውም፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ። ግን ዘፈኑን መልሱለት» አለችን።

ዘፈኑን መመለስ ግን ቀላል አልነበረም።

«የእህቴ አፈር ሳይደርቅ በቤቷ ዘፈን?» አለች አክስቴ። እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን እንኳ አላስቀመጠችም።

«አክስቴ፣ ለሕክምናው ነው።»

«መድኃኒት ተሰጥቶት የለ? እሱን ስጡት። ደግሞ አንተ» ወደ አባባ ዞረች፤ «ሚስቱን ቀብሮ ሙት ዓመቷን ሳያወጣ ዘፈነ ልትባል ነው? እኔስ በምን ዓይኔ ሰው ልይ?»

 የተናገረችው አባባም በልባቸው የሚሉት ነበር። ለቀናት ያን ራዲዮ የያዘውን ሣጥን በዓይናቸው እየሸሹ ከረሙ። ስመኘው አሁን ይውጣል፤ ትንሽ ይቀመጣል፤ ይነሳል። አይናገርም። ደፉን አይሻገርም። ጓሮ ሄዶ ሲመለስ እኔና አክስቴ ተሸክመን ነው የምናስገባው። እኔም በራሴ ልዝፈን ብዬ አፌን እከፍታለሁ፤ የእናቴ ነጠላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳየው ድምፄ ይጠፋል። ወንድሜን የሚያወጣው ነገር ምን እንደሆነ አውቄ፣ ማድረግ ሳልችል መቀመጥ ከቀድሞው ይልቅ አነቀኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ቦራን አጥር ላይ አስረው፣ ሳይገቡ ተመልሰው ወጡ። የንስሐ አባታችን ዘንድ ነበር የሄዱት። ሲመለሱ እኔ ስመኘውን ከጓሮ አምጥቼ ደፉ ላይ ደርሰናል። እሱ ቆሟል፤ እኔ ወገቡን ይዤ ከኋላው ነኝ። አባባ በጎናችን አልፈው ገቡና ከውስጥ በኩል ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ምን አሉዎት አባባ?» አልኋቸው።

«‹ሐዘን ለሞተ ነው፤ ልጁ አልሞተም› አሉኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አልወጣላቸውም። ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱ። እንደገና መቱ። ድምፃቸው መጣ፤ ሻክሯል፣ ይቆራረጣል።

«ሂድ ቦራ፣ ሂድ ቦራ…»

የስመኘው እግር ተነሳ። አየር ላይ ቆየ። አባባ አላቋረጡም። «ሂድ ቦራ» ሲሉ ወረደ። ከደፉ ወዲያ ወረደ። ሁለተኛው ተከተለው። ወገቡ ከእጄ ወጣ።

አባባ እንባቸው እየወረደ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ጭናቸውን እየመቱ ዘፈኑ። እሱም እየተከተላቸው ወንበሩ ድረስ ሄደ። አክስቴ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ አየች።  ዕቃዋን ሸክፋ በዚያው ዕለት ቆሰበር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ሲያወሩትም አይደምቅም፤ ምክንያቱም ያው ነገር በየቀኑ እየተደጋገመ፣ አንዳንዱ ቀን እየተሳካ አንዳንዱ ቀን እየከሸፈ፣ ከክረምቱ ወደ ጥቅምት ብርድ፣ ከብርዱ ወደ በጋው የወሰደን ጉዞ ነው። ራዲዮውን ከሣጥን አውጥተን ብንከፍትለትም ብዙ አልጠቀመውም፤ ዘፈኑ ይፈጥናል፣ መሐል ላይ ወሬ ይገባል፣ መብራትም ይጠፋል። የጠቀመው ከአፋችን የሚወጣው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነው፣ እሱ እስኪደርስ መጠበቅ የሚችለው ዘፈን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ዜማ አበጀን፤ ለመነሳት የአባባን የቦራ ዘፈን፣ እጅ ለመታጠብ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሉትን አንድ ዜማ፣ ለመብላት ደግሞ እናታችን ስታስተኛን የምታንጎራጉረውን፣ ግጥም የሌለውን እሽሩሩ። አባባ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ስለሆነ ድካም ሲጫናቸው ወደዚያ ይገቡና ከልጅነታቸው የቀረ የእርሻ ዘፈን ያወጣሉ፤ ያን ሲሰማ ስመኘው ቃሉን ባያውቀውም ከሁሉም ይልቅ ትከሻው ይላላል።

ሌላም የተማርነው ዘዴ አለ፤ ለክትትል ስንመለስ ሐኪሟ ናት ያሳየችን። የሚያውቀውን ዘፈን ትዘፍኑና የመጨረሻውን ቃል ሳትሉ ታቆማላችሁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ፊቱን እያያችሁ ትጠብቃላችሁ። መጠበቁ ነው የሚከብደው፤ የኛ ሰው ዝምታ ሲረዝም መሙላት ይወዳል። አባባ በየጠዋቱ «የዳንግላ ገበያ…» ብለው ይቆሙና ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ይጠብቃሉ። ምንም አይመጣም። ቃሉን ራሳቸው ይሉታል፤ በማግስቱ እንደገና ያቆማሉ። ስንት ጠዋት እንዲህ እንዳደረጉ አላውቅም። አንድ ጠዋት እኔ ኪኒኑን እያወጣሁ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር፤ አባባ «የዳንግላ ገበያ…» ብለው ዝም አሉ። ከጀርባዬ ወፍራም፣ የዛገ ድምፅ መጣ።

«ደራ።»

ዞርሁ። ስመኘው አባባን እያየ ነው። አባባ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ደራ» አለ ደግሞ፤ የዘገየነው እኛ እንደሆንን ሁሉ።

ከዚያ በኋላም የወደቅንበት ቀን አለ። ያገገመ መስሎን አንድ የዘመድ ሠርግ ወሰድነው። ድምፅ ማጉያው ድንኳኑ አፍ ላይ ነበር፤ ሆድ ውስጥ ሳይቀር ይመታል። ስመኘው ገና ሲገባ ደረቀ። ክንዱ፣ አንገቱ፣ ዓይኑ ሁሉ እንደ መጀመሪያው ሆነ። ተሸክመን አወጣነው። ለብዙ ቀናት ቃሉ ጠፋ፤ እኔም ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያችኑ የባሕር ዛፍ ጫፍ ሳይ ከረምሁ። ሁሉም ነገር አልቆ የተመለስን መሰለኝ። ሐኪሟ በስልክ «ዘፈን ሁሉ ለእሱ አይደለም። ዝቅ ያለውን፣ የሚያውቀውን፣ ከሰው ፊት የሚወጣውን ስጡት» አለችኝ። ወደ ቦራ ዘፈን ተመለስን። ቃሉም ተመለሰ።

ቃላቱ ሲመለሱ ጥያቄም ይዘው መጡ። በጋው አጋማሽ ላይ እየበላ ሳለ አቆመና «እማ የት?» አለ። አክስቶችና አጎቶች የሰጡት የጸበሉ መልስ አፌ ላይ ነበር። አባባ ቀደሙኝ። «ሞታለች ልጄ» አሉት። «ና፣ ላሳይህ።» በጋሪው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። መቃብሯ ላይ ሣር በቅሏል። ስመኘው ተቀምጦ ሣሩን በመዳፉ ሲዳብስ ቆየና አለቀሰ፤ ጮክ ብሎ፣ እንደ ማንኛውም እናቱ እንደሞተችበት ሰው። ከታመመ ወዲህ እንባው ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ልናስቆመው የሞከረ የለም። ሁላችንም አለቀስን። ወደ ቤት ስንመለስ በልቶ ተኛ፤ በማግስቱ ከእኛ ቀድሞ ነቃ።

አክስቴ አለሚቱ ለሙት ዓመቱ መጣች። ስመኘው በር ላይ ተቀብሏት «አክስቴ፣ ግቢ» ሲላት ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ስለ ዘፈኑ ምንም አላነሳችም፤ እኛም አላነሳንም። ዕቃዋ መሐል ግን በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ከበሮ ነበር። «ለእሱ ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ስመኘው ዛሬም እንደ ድሮው አይደለም። ይህን የምላችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ ማወቅ ስላለባችሁ ነው። አረፍተ ነገሩ ያጥራል። ሲደክመው ወይም ሰው ሲበዛበት ይቆማል፤ ያኔ አንዳችን ጭናችንን መታ መታ እናደርጋለን። ታይሮይዱን በየጊዜው ያስመረምራል፤ የዳያዜፓሙን መጠን ሐኪሟ ቀስ በቀስ ቀነሰችለት፤ በራሳችን ግን አንድም ቀን አልነካነውም። እኔ ወደ ማስተማር ተመልሻለሁ፤ ሆኖም ሥራዬም፣ መንገዴም፣ እንቅልፌም በእሱ ዙሪያ የታጠረ ነው። ይኼ አጥር ይነሳል ብዬ አልዋሻችሁም። ሰው በአጥር ውስጥም መኖርን ይለምዳል፤ አጥሩ ጠባብ መሆኑን ማመንም ኃጢአት አይደለም።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ክንዱን አንስቶ ቆሞ ላየው ለእንጅባራው ሐኪም፣ ከእኛ በፊት እሱን ላናገረችው ለባሕር ዳሯ ሐኪም፣ አባባን በአንድ ቃል ለፈቷቸው ለንስሐ አባታችን፣ ደግሞም ለጎረቤቶቻችን፤ በሐዘን ቤት ዘፈን ሲሰሙ ብዙ ማለት ይችሉ ነበር፣ አላሉም። እግዜር ይስጣቸው።

ለእናንተ የምለው ይኼን ነው። በቤታችሁ ያለው ሰው የሚችለውን ነገር ካቆመ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ ድሮ ምን ይችል እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ታይሮይዱ እንዲታይ ጠይቁ። ፊቱ ላይ ስለ ሞቱ አታውሩ፤ ሌላውም ሲያወራ ዝም አትበሉ። ሐዘን ሲመጣ እሱንም ከለቀስተኛው ጋር አስቀምጡት። መድኃኒቱን አታቋርጡ። እናንተ ተንከባካቢዎችም ተራ ግቡ፤ አንድ ሰው ብቻውን በርጩማ ላይ አይቅር።

ዝፈኑም። ድምፄ አያምርም ብላችሁ አትተዉ። የእኔ አያምርም፤ ትምህርት ቤት እንኳ መዝሙር ሲባል ከንፈሬን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ባለፈው ሳምንት ስመኘው እጁን ሲታጠብ ዜማውን ከፍ አድርጌ ያዝሁለት። ሳሙናውን እንደያዘ ዞሮ አየኝና፣

«ተይ» አለኝ። «አያምርም።»

ልክ ነው። እየሳቅሁ ቀጠልሁ፤ እሱም እየተማረረ እጁን ታጠበ።